ቮልቴጁ ዝቅ ሲል

የኤዲ ቫን ሄለንን ጊታር በሰማሁ ቁጥር ያ ሁሉ እሳት ኤሌክትሪክ ከተቀነሰለት ማሽን መውጣቱ ይደንቀኛል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም የተጫወተበት አምፕሊፋየር ባለ100 ዋት ማርሻል ነበር። ቫሪያክ በሚባል መቆጣጠሪያ የሶኬቱን 120 ቮልት ወደ 90 ገደማ ያወርድለት ነበር።

ያኔ ድምፁን በሚያጎሉት የአምፕሊፋየሩ ቲዩቦች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን የሚስበው የፕሌት ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳል። ይህ ቮልቴጅ ከፍ ሲል የጊታሩ ሞገድ እንደልቡ የሚወዛወዝበት ቦታ ያገኛል፤ ድምፁ ይጠራል፣ ባሱም ይጠነክራል። ዝቅ ሲል ግን ጣሪያው ይቀርባል፤ ማጉላቱ በጥቂቱ ቢቀንስም የሞገዱ ጫፍ ቶሎ ይቆረጣል። ድምፁ ሻከር ይላል፣ ግን አይወጋም። የጊታሩ ክር ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ድምፁ ለአፍታ ታመቅ ይልና መልሶ ያብባል። ጊታሪስቱ ምንም ቁልፍ ሳይነካ፣ በእጁ ጉልበት ብቻ ከጥራት ወደ ሻካራነት ይሻገራል። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ቫሪያኩ የቲዩቦቹን ማሞቂያ ክር ቮልቴጅም ስለሚቀንስ ለውጡ ሁሉ የፕሌቱ ብቻ አይደለም። ለመሞከር የሚያስብም ይጠንቀቅ፤ ፕሌቱ ላይ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይገድላል፣ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ይዘውት ይቆያሉ።