የመርካቶ ቤት ከየት እስከ የት ይለካል? ስለ ቤት አለካክ ደንብ የቀረበ ትችት

ቀድሞ አቡጀዲ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን፣ ገዢው ክንደ ረዥም የሆነውን ዘመዱን አስከትሎ ወደ ገበያ ይወርድ እንደ ነበር ይነገራል። ሜትር ከገባ ወዲህ ይህ ጭቅጭቅ ከጨርቁ ላይ ተነሥቷል፤ ከቤቱ ላይ ግን ገና አልተነሣም። ሜትሩ ለሁሉ አንድ ቢሆንም፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም የሚወስነው ለኪው ከሆነ፣ በቤት ልክ ረገድ ዛሬም ከክንድ ዘመን አልወጣንም ማለት ነው።

መርካቶ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተስፋፋ ሰፈር መሆኑ የታወቀ ነው። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ግድግዳቸው ከጎረቤት ጋር የተጋራ፣ ማእዘናቸውም ያልቀና ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላም ቤተ ሰቡና ሸቀጡ ሲበዛ ቦታው አልሰፋም። ስለዚህ ነዋሪው ወደ ላይ ተመለከተ፤ ከጣሪያው ሥር ቆጥ ሠርቶ ልጆቹን ወይም ዕቃውን አሳደረበት።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት በአሳባችን እንሥራ። ከውጭ ሲለካ ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በግራና በቀኝ ያሉት ግድግዳዎች የጋራ ናቸው እንበል። ከውጭ ወደ ውጭ የለካ ሰው 12 ካሬ ሜትር ያገኛል። የጋራውን ግድግዳ ከመካከሉ የከፈለ 11.20 ያገኛል። ከውስጥ ብቻ የለካ 9.36 ይጽፋል። በቤቱ ግማሽ ላይ የተሠራውን ቆጥ ከውስጥ ልኩ ላይ የደመረ ደግሞ 14.04 ይለናል። ከአራቱ የዋሸ የለም፤ ቤቱም አንድ ነው።

ይህ የቍጥር ጨዋታ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 135 የቤትን ካሳ፣ ተመሳሳይ ቤት ለመሥራት በካሬ ሜትር ከሚጠይቀው ዋጋ ጋር አያይዞት ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም የሚመለከተው ንብረቱን በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ነው። ቤት ሲሸጥም ሆነ ለብድር መያዣ ሲገመት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስፋቱ ነው። በምሳሌያችን በትልቁና በትንሹ ልክ መካከል ያለው ልዩነት ከትንሹ ልክ ግማሽ ያህላል። ቤቱ ለግብር ሲለካ ሰፊ፣ ለካሳ ሲለካ ጠባብ ቢሆን፣ ባለቤቱ ተበደልሁ ቢል ማን ይፈርድበታል?

አንዳንዶች የውጭውን ደንብ እንዳለ እንቀበል ይላሉ። በአሜሪካ አንሲ ዜድ 765 የተባለው ደንብ፣ የጣሪያው ከፍታ ቢያንስ 7 ጫማ፣ ማለት 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልሆነውን ክፍል ከቤቱ ስፋት አይቈጥርም፤ ጣሪያው ያዘነበለ ከሆነ ግን ለየት ያለ መለኪያ ይሰጣል። በዚህ ደንብ የመርካቶው ቆጥ ባዶ አየር ነው። ሌሎች ደግሞ ደንቡ ለእኛ ቤት አልተሠራምና ለኪው እንደ ልማዱ ያድርግ ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን።

የመጀመሪያዎቹ ስሕተት «በስፋት አይቈጠርም» የሚለውን «ዋጋ የለውም» ብለው መተርጐማቸው ነው። የቤት ብድር የሚገዛው የአሜሪካው ድርጅት ፋኒ ሜይ ይህን ደንብ ከመጋቢት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በገማቾቹ ላይ ግዴታ ሲያደርግ፣ ከፍታው ያልበቃው ክፍል በሌላ መስመር ተጽፎ ዋጋው እንዲታይ ፈቅዷል፤ ደንቡን መከተል ያልቻለ ገማችም ምክንያቱን እንዲጽፍ አዟል። የሁለተኞቹ ስሕተት ግን የባሰ ነው። ቤቱ አስቸጋሪ በሆነ መጠን ደንቡ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ለቀናው ቤትማ ማንም ቢለካው ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልኩ ከግድግዳው ውጭ፣ ከመካከሉ ወይም ከውስጡ መጀመሩ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቆጡ ከወለሉ ጋር ሳይደመር፣ ሳይጣልም፣ ከነከፍታው ለብቻው ይመዝገብ፤ ማን እንደ ሠራውም ይገለጽ፤ የቀበሌ ቤት ባለቤቱና ቆጡን የሠራው ተከራይ አንድ አይደሉምና። ሦስተኛ፣ ለግብር የተወሰደው ልክና ለካሳ የሚወሰደው ልክ አንድ ይሁን።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሱቆች ጠፍተዋል። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ ሜትር የሚዘረጋበት ግድግዳ አይገኝም፤ ስለ ቤቱ የሚመሰክረው ቀድሞ የተጻፈው ወረቀት ብቻ ነው። ያም ወረቀት «9.36» ብሎ ዝም ካለ፣ ቆጡ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ ማለት ነው።