ሁለት ቁራጭ ቆዳ፣ አንድ ስፌት

ሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ እ.ኤ.አ. በ1869 ተጫዋቾቹን በሙሉ በግልጽ ደመወዝ የቀጠረ የመጀመሪያው የቤዝቦል ቡድን ነው። ጆርጅ ራይት ለወቅቱ 1,400 ዶላር ተቆርጦለት ነበር። ስለ እርሱና ስለ ወንድሙ ስለ ሃሪ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዓይኔን ከኳሷ ላይ መንቀል አልቻልኩም። እነዚያ ሰዎች ያለ ጓንት፣ በባዶ መዳፍ ነበር የሚቀልቧት።

ቀደም ሲል ኳሷን የሚሠራት ጫማ ሰፊ ወይም ራሱ ተጫዋቹ ነበር። ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠ ጎማ እምብርት ይሆናታል፤ በላዩ የሱፍ ክር ይጠነጠናል፤ በመጨረሻም አራት ክንፍ ያለው አንድ ቁራጭ ቆዳ ይለብሳል። ስፌቱ አናቷ ላይ በመስቀለኛ ስለሚገናኝ የሎሚ ልጣጭ ይሏት ነበር። መልኳ ደስ ይላል። ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙ ሹል ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ሲገጥም፣ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያው ነው።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ኔቲክ የምትባል የጫማ ሠሪዎች ከተማ አለች። በ1873 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ሄንሪ ዊልሰን እንኳ እዚያ ጫማ ይሰፋ ነበር። የሃርዉድ ቤተሰብ በ1858 የኳስ ፋብሪካ የከፈተው በዚችው ከተማ ነው፤ ስፌቱንም ሴቶች በየቤታቸው ይሠሩት ነበር። የሎሚ ልጣጩን የተካውን የአዲሱን ቅድ ፈጠራ ብዙዎች የከተማዋ ሰው ለነበረው ለዊልያም ከትለር ይሰጡታል።

ቅዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ቁራጭ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ 8 ቁጥር የመሰለ፣ ጫፍና ጫፉ ሰፋ ብሎ ወገቡ የቀጠነ። የአንዱ ሰፊ ጫፍ በሌላው ወገብ ውስጥ ይገባል። ጠፍጣፋ ቆዳ ድቡልቡል ነገር ሲያለብሱት እሺ አይልም፤ አንዱ ጋ ሲስቡት ሌላው ጋ ይሸበሸባል። እዚህ ግን ሁለቱ ቁራጮች እርስ በርስ ተቃቅፈው መወጠሩን ይካፈሉታል። ስፌቱ ማዕዘን የለው፣ መገናኛ የለው፤ ኳሷን እየተጠማዘዘ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። ደግሞም ለሁለቱም አንድ ቅድ ይበቃል። ቁጠባው ራሱ ውበት ነው!

ጥንካሬ የቅንጦት ነገር አልነበረም። ጨዋታው በአንድ ኳስ ተጀምሮ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ሲያበቃም ኳሷ የአሸናፊው ናት። ብዙዎች ወርቅማ ቀለም ቀብተው ቀኑንና ውጤቱን ይጽፉባት ነበር። በ1872 ደግሞ ልኳ ተወሰነ፤ ክብደቷ ከ5 እስከ 5¼ አውንስ፣ ዙሪያዋ ከ9 እስከ 9¼ ኢንች። ዛሬም ይኸው ነው።

ለመዝጊያ የተሰፋው ስፌት ለኳስ ወርዋሪው የጣት መያዣ ሆነ። ከፍ ያለው ጠርዝ ኳሷ ስትሽከረከር አየሩን ይረብሸዋል፤ ካንዲ ከሚንግስ የተባለውን ወርዋሪ ስመ ጥር ያደረገው ተጠማዛዥ ውርወራም በዚህ ይታገዛል። ሰፊዎቹ ሴቶች ይህን አስበው እንዳልሰፉት እገምታለሁ።

የዛሬዎቹ የአሜሪካ ታላቅ ሊግ ኳሶች የሚሰፉት ኮስታሪካ፣ ቱሪያልባ ከተማ ውስጥ ነው። ቅዱ ያው 8 ቁጥር ነው፤ 108ቱም ጥንድ ስፌት በእጅ ይሰፋል።