«ነባሩ» እና ተገጣጣሚው የሙቅ ውኃ ገንዳ፤ ስለ አንድ የተሳሳተ ንጽጽር

በአሜሪካ አገር ቤት ለሚገዙ ሰዎች ስለ ሙቅ ውኃ ገንዳ የሚሰጠው ምክር ዕቃውን ብዙ ጊዜ በሁለት ስም ይከፍለዋል፤ አንደኛው ነባር፥ ሁለተኛው ተገጣጣሚ ይባላል። በዋሽንግተን ዙሪያ፥ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ ነገሩ እነርሱንም ይነካል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ አከፋፈል እውነተኛ መሆኑን፥ ገዢውንም የሚረዳው መሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጋዴዎቹ ነባር የሚሉት አንድ ወጥ የሆነውን የፕላስቲክ ገንዳ ነው። ሲሠራም የአክሪሊክ ሉሕ በሙቀት ለስልሶ በቅርጽ ላይ ይለጠጥና ጀርባው በፋይበርግላስ ይጠነክራል። ይህ ዐይነት የተስፋፋው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ በካሊፎርኒያ የታወቀው የእንጨት ገንዳ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹም አንዳንዶቹ ከወይን ጠጅ በርሜል የተቆረጡ ነበሩ። የእንጨቱ ገንዳ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ይገባሉ፤ በክብ ይቆማሉ፤ በብረት ቀለበት ይታሰራሉ። ውኃ ሲሞላበትም እንጨቱ አብጦ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋዋል። ሞተሩም ቢሆን እንደዚሁ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ከኢጣሊያ የፈለሱት የጃኩዚ ወንድማማቾች የውኃ ፓምፕ ሠሪዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ካንዲዶ የመገጣጠሚያ ሕመም ለነበረበት ልጁ ብሎ ያዘጋጀው ፓምፕ በ1956 ገበያ ላይ ሲውል በማንኛውም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚጠለቅ ነበር። ውኃ መርጫው ከገንዳው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራው በ1968 ነው። እንግዲህ ቀዳሚው ገንዳ ተገጣጣሚ ሆኖ ሳለ፥ መገጣጠምን የዛሬ ግኝት፥ ወጥነትን የጥንት ወግ ማድረግ ታሪኩን መገልበጥ ነው።

ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። «ነባር» የሚለው ቃል ለገዢው የተፈተነና የጸና ነገር መስሎ ይሰማዋል፤ ስለዚህም መጠየቅ የሚገባውን ሳይጠይቅ ይቀራል። የመጀመሪያው ጥያቄ በሩ ነው። ወጡ ገንዳ ብዙ ጊዜ በየጎኑ 2 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ተጣብቀው በተሠሩ ቤቶች መተላለፊያ አያልፍም፤ በክሬን በጣሪያ ላይ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ዋጋውም በገዢው ላይ ነው። ተገጣጣሚው በዚህ በኩል ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ግድግዳው፥ ወለሉ፥ ማሞቂያውና ሞተሩ በየራሱ ታሽጎ በተራ በር ይገባል፤ ቤት ሲለወጥም ተፈትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጥገና ነው። በወጡ ገንዳ ቧንቧዎቹ ብዙ ጊዜ ሙቀት እንዲጠብቅ በተነፋ አረፋ ውስጥ ተቀብረው ይገኛሉ። አንድ ቧንቧ ያንጠባጠበ እንደ ሆነ ባለሙያው አረፋውን እየፈለፈለ መፈለግ አለበት፤ ለዚህም የሚከፈለው የሰዓት ዋጋ ነው። ተገጣጣሚው የተበላሸውን ክፍል ለብቻው ያስለውጣል። ዳሩ ግን አሞጋሾቹ ዝም የሚሉት ነገር አለ፤ መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር የሚፈስበትም ቦታ ይበዛል፤ በቪኒል የተለበሰውም ውስጡ ስለት ሲነካው ይቀደዳል። መለዋወጫውንም የሚሠራው ፋብሪካ አንድ ብቻ ከሆነ፥ ፋብሪካው በተዘጋ ቀን ተገጣጣሚነቱ ምን ይረባል? የእንጨቱን ሳንቃ ግን ማንኛውም ጎበዝ አናጢ ሊተካው ይችላል።

ስለ ሙቀት ሒሳቡ ይበቃል። 1500 ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 38 ለማድረስ 40 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በተራ ሶኬት የሚሠራ የ1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ ይህን ለመፈጸም 27 ሰዓት ገደማ ሲወስድበት፥ የ5.5 ኪሎዋቱ በ7 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይጨርሳል፤ ይህም በመንገድ የሚባክነው ሳይቈጠር ነው። ልዩነቱን ያመጣው የኤሌክትሪኩ መሥመርና የክዳኑ ውፍረት እንጂ ወጥ ወይም ተገጣጣሚ መሆኑ አይደለም። ውኃው ብቻ 1500 ኪሎ የሚመዝን መሆኑን፥ ከእንጨት ሰገነት በላይ ሊያኖሩት የሚያስቡ ሰዎች እንዳይረሱት እናሳስባለን።

በአገራችን ፍልውሃ የለመደ ሰው አንድ ልዩነት ሊያመልጠው ይችላል። የፍልውሃው ውኃ ከምድር እየፈለቀ ይታደሳል፤ የቤቱ ገንዳ ግን ያንኑ ውኃ ለወራት እያዞረ ያሞቃል። ሌጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ በሽታ ተሕዋስ ደግሞ የሚራባው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው፤ ክሎሪኑም በሙቀት ቶሎ ይባክናል። በዚህ በኩል የእንጨቱ ገንዳ ከሁሉ ደካማ ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት ገላው ተሕዋስን ይደብቃልና። ለስላሳው አክሪሊክ እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል።

የመምጠጫው ቀዳዳ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበናል። በ2002 በአሜሪካ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ የሙቅ ውኃ ገንዳ መምጠጫ ይዞ አስቀርቷት ሞተች፤ በስሟም የተጠራው የፌዴራል ሕግ በታኅሣሥ 2007 ወጣ። ሕጉ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጠው የመምጠጫ ክዳን ሁሉ ሰው የማያጣብቅ እንዲሆን፥ የሕዝብ ገንዳዎችም ክዳናቸውን እንዲለውጡ አዘዘ። በግል ጓሮ ቀድሞ የተተከለውን ግን ባለቤቱ እንዲለውጥ አላስገደደም። ስለዚህ ከአሮጌ ቤት ጋር አብሮ የተገዛ ገንዳ፥ ወጥም ይሁን ተገጣጣሚ፥ የቀድሞውን ክዳን እስከ ዛሬ ይዞ ሊገኝ ይችላል።