ቦርድ፣ ሰሌዳና ዑደት፤ የሙያ ቃል በምን ይመዘናል?

የሙያ ቃል የሚፈተነው በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በሠራተኛው እጅ ጭምር ነው። በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት አቻ ለማግኘት ያደረገው ጥረት የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የተሰየመ ቃል ሁሉ በሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። በሬዲዮና በእጅ ስልክ ውስጥ የሚገኘው፣ በመጽሐፍ ቋንቋ «የዑደት ሰሌዳ» ልንለው የምንችለው፣ በተለምዶ ግን «ቦርድ» የሚባለው ዕቃ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል።

«ዑደት» የተሳካ ቃል ነው። ኤሌክትሪክ ከምንጩ ወጥቶ፣ ዞሮ ካልተመለሰ ሥራ የለም፤ መንገዱ ከተቆረጠ ሁሉም ይቆማል። ቃሉ ይህን ጠባይ በራሱ ይናገራል። «የታተመ» የሚለው ቅጽል ግን ማብራሪያ ይሻል። አንባቢ ወረቀትና ቀለም ያስባል፤ በሥራው ግን በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ስስ መዳብ በኬሚካል ተበልቶ የሚፈለገው መስመር ብቻ ይቀራል። ቢሆንም ቅጽሉ መሠረተ ቢስ አይደለም። ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ፓውል አይስለር እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ውስጥ በዚህ ስልት ሬዲዮ ሲሠራ ሐሳቡን ያገኘው ከኅትመት ሙያ ነበርና።

የ«ቦርድ» ጉድለት ባዕድነቱ አይደለም፤ «ሰሌዳ»ም ቢሆን በግእዝ በኩል ከግሪክኛ የመጣ ነው። ጉድለቱ አንድ ቃል ሁለት ዕቃ መሸከሙ ነው። የመዳብ መስመር ብቻ ያለውም፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የተበየዱበትም «ቦርድ» ይባላሉ። የዓለም ኢንዱስትሪ ግን ሁለቱን በስም ይለያል። በበደሳ ገበያ ጀንፈልንና የተፈለፈለ ቡናን በአንድ ስም የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ ዋጋቸው የተለያየ ነውና። በዚያው ከተማ የእጅ ስልክ የሚጠግን ባለሙያ ከአዲስ አበባ «ቦርድ» ቢያዝ ግን የትኛው እንደሚደርሰው ቃሉ ብቻውን አይነግረውም። ለቡና ያልነፈግነውን ጥንቃቄ ለኤሌክትሮኒክስ ስለምን እንነፍገዋለን?

«ብየዳ»ም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በርና መስኮት የሚሠራው በያጅ ብረቱን ራሱን አቅልጦ ያያይዛል፤ የቦርድ ሠራተኛ ግን የሚያቀልጠው ማያያዣውን እንጂ መዳቡን አይደለም። ልዩነቱን ያልተረዳ ተማሪ በሙቀት ብዛት መዳቡን ከሰሌዳው ያስለቅቃል። የቃል ስሕተት የእጅ ስሕተት የሚሆነው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት እንደ በደሳ ባለ ከተማ «ቦርድ» የሁለቱንም ቋንቋ ተናጋሪ ያግባባል። ስለዚህ ቃሉን ማሳደድ ሳይሆን መግለጫ መጨመር ይበጃል፤ «ባዶ ቦርድ»፣ «ዕቃ የተገጠመለት ቦርድ»፣ «የቦርድ ብየዳ» ይባል። በአገራችን የእጅ ስልክ መገጣጠም ከተጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቋንቋው ከሥራው ኋላ ሊቀር አይገባም። መምህራን ቃሉን ከጠጋኙ ጠረጴዛ ይልቀሙ፤ ልዩነቱንም አጥርተው ለጠጋኙ ይመልሱለት።