ቀጥቃጩ በተራራ ላይ

ለሥራ ክብር የቆመ ሐውልት ሠራተኛውን ካላሳየን ምን ያሳየናል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ግዛት፥ ከበርሚንግሃም ከተማ በላይ ያለውን የቩልካንን ሐውልት መርጫለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

በርሚንግሃም በ1871 የተቈረቈረች ከተማ ናት። የብረት ማዕድን፥ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ፥ ሦስቱም በአቅራቢያዋ ስለ ተገኙ ፈጥና በለጸገች። በ1904 በሴንት ሉዊስ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲደረግ የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ጁሴፔ ሞሬቲ ለሚባል ኢጣሊያዊ ቀራፂ ሥራ ሰጡት። እርሱም የጥንት ሮማውያን የእሳትና የቀጥቃጮች አምላክ ይሉት የነበረውን ቩልካንን ቀረጸ፤ ምስሉም ከቀለጠ ብረት ፈስሶ ተሠራ። ቁመቱ 17 ሜትር፥ ክብደቱ 45 ቶን ያህል ነው። በዚህ ዓይነት ከተሠሩት ሐውልቶች በዓለም የሚበልጠው የለም። በኤግዚቢሽኑም ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ።

ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የባቡሩን ኪራይ የሚከፍል ጠፍቶ ቍርጥራጩ በሐዲድ ዳር ተጣለ። ኋላም በገበያ ትርዒት ሜዳ ሲያቆሙት ክንዱን አጣመው ገጠሙት፤ ጦሩንም መያዝ ስላልቻለ የአይስ ክሬምና የኮካ ኮላ ማስታወቂያ አስያዙት። አምላክ ብለው የሠሩትን ሱቅ ጠባቂ አደረጉት! በ1930ዎቹ ዓመታት ግን አዝነውለት፥ ማዕድኑ ይቈፈርበት ወደ ነበረው ወደ ቀይ ተራራ አወጡትና 38 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ አቆሙት። በ1939 መናፈሻው ተከፈተ። ውስጡን የሞሉት ሲሚንቶ ብረቱን ስለ ሰነጠቀው በ1999 አውርደው አደሱት፤ በ2004 ቤተ መዘክር ተጨምሮለት እንደ ገና ለሕዝብ ተከፈተ።

የቀራፂውን እጅ ሳላመሰግን አላልፍም። ቩልካን በግራ እጁ መዶሻውን በመስፉ ላይ አሳርፎ፥ በቀኙ ገና የጨረሰውን የጦር ጫፍ ወደ ላይ አንሥቶ ይመለከታል። ጕልበቱን አያሳይም፤ ሥራውን ይመረምራል። ጥሩ ባለ እጅ እንዲህ ነው። ከፊት በሽርጥ ተሸፍኗል፤ ከኋላ ስላለው ነገር ግን ለወጣቶች በሚጻፍ መጽሐፍ ዝም ማለት ይሻላል።

ነቀፌታዬ ሌላ ነው። የበርሚንግሃምን ብረት አምላክ አልቀጠቀጠውም። ከሰሉን ከቈፈሩት ብዙዎቹ እስረኞች ነበሩ፤ የአላባማ መንግሥት እስከ 1928 ድረስ እስረኞቹን ለማዕድን ኩባንያዎች ያከራይ ነበርና። ይበዙ የነበሩት ጥቁሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም በጥቃቅን ጥፋት ተፈርዶባቸው፥ የፍርድ ቤቱን ወጪ መክፈል ስላልቻሉ ዕዳቸውን በጕልበታቸው የሚከፍሉ ነበሩ። በ1911 ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባነር በሚባለው የከሰል ጕድጓድ ፍንዳታ ተነሥቶ 128 ሰዎች ሞቱ፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የተከራዩ ጥቁር እስረኞች ነበሩ። ሐውልቱ ያን ጊዜ ተሠርቶ ካለቀ ሰባት ዓመቱ ነበረ።

እኛም በዚህ ነገር ላይ ፈራጅ ሆነን ለመቀመጥ አንቸኩል። በአገራችን ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ማረሻውን ግን ከእጁ ስንቀበል ኖረናል፤ ዐፄ ምኒልክም በ1908 ባለ እጅ እንዳይሰደብ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። እኛ ሠሪውን ሰድበን ሥራውን ወሰድን፤ እነርሱ ሥራውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ሠሪውን ከመሬት በታች ተዉት።

ቤተ መዘክሩ የከተማዋን ታሪክ ይናገራል፤ ግን ቤተ መዘክርን የሚያነበው የገባ ሰው ብቻ ነው፥ ሐውልቱን ከሩቅ ሁሉ ያየዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ሐውልት ስለ ሟች ተናግሮ ነበር። ከ1946 ጀምሮ በጦሩ ፈንታ መብራት ይዞ ነበርና፥ በከተማዋ ሰው በመኪና አደጋ ሲሞት አረንጓዴው መብራት ወደ ቀይ ይለወጥ ነበር። በእድሳቱ ጊዜ መብራቱ ወርዶ ጦሩ ተመለሰ። ለጥበቡ ይህ ልክ ነው፤ እኔ ግን ቀዩ መብራት ይናፍቀኛል።

ከእናንተ ወደዚያ አገር የሚሄድ ቢኖር፥ ከተራራው ላይ ከተማዋን ካየ በኋላ ወደ ስሎስ እቶኖች ይውረድ። ከ1882 እስከ 1971 ብረት ሲቀልጥባቸው ኖረው ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ናቸው። እዚያ አምላክ የለም፤ የዛገ ቧንቧ፥ የጠቈረ ግድግዳና ሰዎች ቆመው ይሠሩበት የነበረው ወለል አለ።