ለተዋንያን ተማሪዎች የሚጻፍ ተውኔት

ተውኔት ሁሉ ለተመልካች ይጻፋል፤ ለትወና ተማሪዎች መልመጃ የሚሆነው ግን በቅድሚያ ለተማሪው መጻፍ አለበት። በየትምህርት ቤቱ የሚዘጋጁትን ጽሑፎች ስንመለከት ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ እናገኘዋለን።

ትምህርት ቤትና ቴአትር በአገራችን የቆየ ዝምድና አላቸው። በ1910ዎቹ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ለመድረክ ከበቃ በኋላ፣ የመምህሩን የዮፍታሔ ንጉሤን ተውኔቶች ተማሪዎች ተጫውተዋቸዋል። ዳሩ ግን ተውኔትን የምክር ማስተላለፊያ ብቻ የማድረግ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

የተለመደው ጽሑፍ እንዲህ ነው፤ አንድ ወጣት ይሳሳታል፤ ሽማግሌው ረጅም ንግግር ያደርጋሉ፤ ወጣቱ ይጸጸታል፤ መጋረጃው ይዘጋል። ሽማግሌውን የሚጫወተው ተማሪ አንድ ገጽ ሙሉ ሲሸመድድ የቀሩት አሥር ልጆች እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። እነርሱ ምን ተማሩ? ተናጋሪውም ቢሆን የሚሞግተው ሰው ስለሌለ ከመሸምደድ በቀር የተለማመደው ነገር የለም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለወላጆች ቀን ይበቃ ይሆናል፤ ለትምህርት ግን አይበቃም።

የመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች የተሻለውን መንገድ ያሳዩናል። በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረው ሰው የቤት ሠራተኛውን ማግባቱ የሚያስነሣው ጥያቄ በገጸ ባሕርያቱ እሰጥ አገባ ይገለጣል። እያንዳንዱ የሚፈልገው ነገር አለው፤ የሚከለክለውም አለ። ሙሉው ተውኔት ግን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዝማልና መምህሩ አጭር መልመጃ ራሱ ቢጽፍ ይመረጣል።

ለምሳሌ ልጅ ለደብተር መግዣ ገንዘብ ትጠይቃለች፤ አባት ያለውን ሁሉ ለዕድር ከፍሎ ጨርሷል፤ ይህን መናገር ግን ያፍራል። «ነገ እሰጥሻለሁ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ይደግማል። በመጀመሪያ ያባብልበታል፤ ቀጥሎ ይቆጣበታል፤ በመጨረሻም ይለምንበታል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሐሳቡ ስለሚለዋወጥ ተማሪው ቃልንና ስሜትን ለይቶ ይማራል። ልጅቱም እያዳመጠች መመለስን ትለማመዳለች። ሁለቱ ሚና ቢለዋወጡ ትምህርቱ እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ መልመጃ ስንጽፍ ጥቂት ሰዎች፣ አጭር ቃለ ተውኔትና ግልጽ ግጭት ይኑረው እንላለን። ምክሩን ተመልካቹ ራሱ ያገኘዋል። ብዕር ከማንሣታችን በፊት ግን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ዝም ብሎ የቆመው ተማሪ በዚህ ትዕይንት ውስጥ ምን ይሠራል?