ባለቤት፣ ባለአደራ፣ ባለዕዳ፤ በአንድ የሕግ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ ለምትኖር አንዲት አማርኛ ተናጋሪ ሴት የተጻፈ የሕግ ምክር ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ለአስተያየት ቀርቦልናል። ሴትዮዋ ከባሏ ተለይታ ትኖራለች። ባልየው የሚያዝበት የቤተሰብ ትራስት በየዓመቱ ከትርፉ ለእርሷ መድቦ በሂሳብ መዝገብ በስሟ የጻፈውን ገንዘብ አልከፈላትም። ደብዳቤው ይህን ገንዘብ በምን መንገድ እንደምታስከፍል ይመክራል። ትርጉሙ የቋንቋ ለዛ አይጎድለውም። ነገር ግን የቃላቱ አመራረጥ ሴትዮዋን የማይገባውን ወገን ወደ መክሰስ ሊመራት የሚችል በመሆኑ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም።

ተርጓሚው በአንድ ገጽ ላይ ባልን «ባለቤትሽ»፣ የንብረት ጌታንም «ባለቤቱ» ይላል። በዕለት ንግግር ሁለቱን አገባቡ ይለያቸዋል። እዚህ ግን የነገሩ ሁሉ መሠረት ባልየው የንብረቱ ጌታ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ስለሆነ «ባለቤቱ ሊጠየቅ ይችላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሁለት ፍች ይጋለጣል። ለአንዱ «ባል»፣ ለሌላው «ባለንብረት» ቢባል ኖሮ አንባቢዋ ባልተደናገረች ነበር።

ከዚህ የከፋው «አደራው ዕዳ አለበት» የሚለው ነው። በአውስትራሊያ ሕግ ትራስት የሕግ ሰውነት የለውም፤ በራሱ ስም አይከስም፣ አይከሰስምም። ባለዕዳው ባለአደራው ነው። ባለአደራው ለአደራው ሥራ በአግባቡ የገባበትን ዕዳ ከአደራው ንብረት የመተካት መብት አለው፤ ባለገንዘቡም ወደ ንብረቱ የሚደርሰው በዚሁ መብት በኩል ነው። በቤተሰብ ትራስት ደግሞ ባለአደራው ብዙ ጊዜ ኩባንያ ነው። በዚህም ጉዳይ እንደዚያው ሲሆን ባልየው የኩባንያው ዲሬክተር ነው። ተርጓሚው «ባለአደራው ባልሽ» ብሎ ሲጽፍ ትክክለኛውን ተከሳሽ ከጽሑፉ አስወጥቶታል።

ሆኖም ስሕተቱን በተርጓሚው ላይ ብቻ አንጭንም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሂሳብ ሠራተኞችም «ትራስቱ ዕዳ አለበት» እያሉ ይጽፋሉ። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 516 ይህን ተቋም ራሱን የቻለ ህልውና ያለው አድርጎ ይደነግገዋል። እንግዲህ ለእኛ ሕግ የሚስማማው አነጋገር ለአውስትራሊያው አይስማማም። በዚያም ላይ «አደራ» ዕቃን ለጥበቃ መስጠትን የሚያመለክት የቆየ ቃል ነው፤ የማይከፍል ባለአደራም ወዲያው «አደራ በላ» የሚለውን ስድብ በአንባቢው ጆሮ ያቃጭላል። በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ግን ያለው የገንዘብ ጥያቄ እንጂ የክህደት ክስ አይደለም።

«ድርሻ» የሚለውም ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። ማከፋፈሉ በባለአደራው ፈቃድ በሚወሰንበት ትራስት ተጠቃሚው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ያለው ተስፋ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በውሳኔ ከተመደበለት በኋላ ግን ባለመብት ይሆናል። ሁለቱም «ድርሻ» ከተባሉ ሴትዮዋ የምትለምን ትሁን የምትጠይቅ አይታወቅም። ሌላም መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኬነንና በስፕራይ ክርክር የባልየው የባለአደራነት ሥልጣንና የሚስቲቱ መብት ተጣምረው ሲታዩ የትራስቱ ንብረት ከጋብቻው ንብረት ሊቆጠር እንደሚችል አብዛኞቹ ዳኞች ተቀብለዋል። ይህ የንብረት ክፍፍል ጥያቄ ነው፤ ያኛው የዕዳ ጥያቄ ነው። በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም።

«ዕዳውን ማስፈጸም» የተባለውም ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተወሰደ ነው። በአማርኛ የሚፈጸመው ፍርድ ነው፤ ዕዳ ግን ይጠየቃል፣ ይከፈላል። ይህን ያነበበች ሴት ፍርድ በእጇ ያለ ሊመስላት ይችላል፤ እውነቱ ግን ገና ልትጠይቅ፣ ካልሆነም ልትከስ ነው።

በመጨረሻም «ከተፋታሽ ወዲህ» የሚል ሐረግ እናገኛለን። ሴትዮዋ አልተፋታችም፤ ተለይታለች። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአውስትራሊያ የቤተሰብ ሕግ ፍች ለመጠየቅ 12 ወር ተለያይቶ መቆየትን ያዝዛል፤ የንብረት ክፍፍል ማመልከቻ የሚቀርብበት የ12 ወር ጊዜ ደግሞ የሚቆጠረው ፍቹ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለቱን ቃላት ያምታታ ትርጉም ቀን አቆጣጠሯን ያምታታባታል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስለ አውስትራሊያ ሕግ በሚጻፍ ጽሑፍ የተቋሙ ስም «ትራስት» ተብሎ ይቆይ፤ ሀብቱ «የአደራ ንብረት»፣ አስተዳዳሪው «ባለአደራ» ይባል፤ «ዕዳ አለበት» የሚለው ግስ ባለቤት ምንጊዜም ባለአደራው ይሁን። ባለገንዘብ፣ ባለዕዳ፣ ባለንብረት የሚሉት ቃላት በሕጋችን ቋንቋ የተለመዱ ናቸውና አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ደብዳቤው በዚህ መልክ ታርሞ ለሴትዮዋ እንዲደርስ ለላኪው አሳስበናል።